ስለ ሙከራ፣ ስለ መከራና ስለ ምክር

በቀድሞ ዘመን አንድ ንጉሥ ወይም አንድ አገረ ገዥ ትእዛዝ በሰጠ ጊዜ፣ ቃሉ ከአፉ ከወጣበት ሰዓት አንሥቶ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ በመካከል ረጅም መንገድ ነበረ። ጸሐፊው ይጽፈዋል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ መልእክተኛው በበቅሎ ሆኖ ወንዝና ተራራ ይሻገራል፣ በሩቅ ያለው ሹም ተቀብሎ ያነበዋል፤ ትእዛዙ በቁጣ የተሰጠ እንደ ሆነም ያ መንገድ ራሱ ምሕረት ነበረ፤ የተጸጸተው ጌታ ሁለተኛ ፈረሰኛ ልኮ የፊተኛውን ሊያስመልሰው ይችል ነበርና። በእኛ ዘመን ግን ቃልና ሥራ ፈጽመው ተጋጠሙ። በኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ሰው አንዲት መስመር ጽፎ የማስገቢያውን ቁልፍ በነካ ጊዜ፣ የሚጽፍ ጸሐፊም፣ የሚጓዝ መልእክተኛም፣ አንብቦ የሚጠራጠር ሹምም በመካከል የለም፤ ቃሉ በዚያችው ቅጽበት ሥራ ይሆናል። ይሁን በተባለ ጊዜ የሚሆን ቃል መጻሕፍት የሚመሰክሩት ለፈጣሪ ነው፤ የፈጣሪ ቃል ግን ከማይሳሳት ጥበብ ሲወጣ፣ የእኛ ቃል ከሚደክም ዓይንና ከምትቸኩል ጣት ይወጣል። እንግዲህ ለሚሳሳት ፍጡር እንዲህ ያለ ቃል በተሰጠው ጊዜ በምን ሥርዓት ሊናገረው ይገባዋል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄውን ያመጣብኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ በመጨረሻ ዘመኑ ስለ ልጅነቱና ስለ ቆሎ ተማሪነቱ የነገረኝን ታሪክ 3 ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እየጻፍሁ በአንድ ማኅደር ውስጥ፣ ዛሬ ፎልደር በሚባለው ውስጥ ማለቴ ነው፣ አኑሬው ነበር። አንድ ምሽት «ረቂቅ» በሚል ቃል የሚጀምሩትን አሮጌ ፋይሎች ለማስወገድ አስቤ፣ ዩኒክስ በተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት አርኤም የሚባለውን የመሰረዣ ትእዛዝ ጻፍሁ፤ ቀጥዬም ረቂቅ የሚለውን ቃል፣ ከእርሱም ጋር ተጣብቆ መጻፍ የነበረበትን የኮከብ ምልክት ጨመርሁ። ኮከቡ በዚያ ቋንቋ «ከዚህ በኋላ ምንም ይከተል ምን» እንደ ማለት ነው፤ ከቃሉ ጋር ሲጣበቅ በረቂቅ የሚጀምሩትን ብቻ ይጠራል፤ በመካከላቸው አንድ ክፍት ቦታ የገባ እንደ ሆነ ግን ኮከቡ ብቻውን ይቆምና በማኅደሩ ያለውን ፋይል ሁሉ ይጠራል። እኔም ያን ክፍት ቦታ ሳላውቅ አስገባሁ። ብዙ ፋይል ጠፋ፤ መሣሪያው ስለ አንዱም እንኳ አልጠየቀኝም። የቀደሙት ጸሐፍት በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ ይኸውም ዓይን የሚያየው፣ ብዕርም አስቦ የሚጥለው ምልክት ነበረ። እኛ ያን በባዶ ቦታ ለወጥነው፤ የአባቴንም ቃል ያጠፋው ያ ባዶ ቦታ ነው። ከፊሉን በወረቀት ከቀረው ማስታወሻ መልሼ ጻፍሁት፤ ከፊሉ ግን ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ወረደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከባድ ትእዛዝ ለመስጠት ባሰብሁ ቍጥር አስቀድሜ አንድ ባዶ ማኅደር እፈጥራለሁ፤ ስሙንም አመክሮ ብዬዋለሁ። እውነተኞቹን ፋይሎች ሳልነካ ቅጂያቸውን ብቻ ወደዚያ አመጣለሁ፤ ወይም ተች በሚባለው ትእዛዝ፣ በስም እውነተኞቹን የሚመስሉ በውስጣቸው ግን አንዳች የሌለባቸውን ፋይሎች አዘጋጃለሁ። ሰርዝ ከማለቴ በፊት በመሰረዣው ፈንታ ኤልኤስ የሚባለውን የመዘርዘሪያ ትእዛዝ አስገብቼ የቀረውን ቃል እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ኮከቡን ወደ ፋይሎች ስም የሚተረጕመው ትእዛዙን የሚቀበለው ሼል የተባለ ፕሮግራም እንጂ ትእዛዙ ራሱ ስላልሆነ፣ በዝርዝሩ የሚወጡት ስሞች ሊሰረዙ ያሉት ስሞች ናቸው። በዚያች ክፉ ምሽት ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ፣ ጥቂት ረቂቆች በጠበቅሁበት ስፍራ የአባቴን ታሪክ ሁሉ ተዘርዝሮ ባየሁት፣ እጄም በተሰበሰበ ነበር። ይህ ሁሉ ሥርዓት በጥልቅ ቢመረመር አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያው ያጠፋውን መንገድ፣ መልእክተኛው ይሄድበት የነበረውን ርቀት፣ በገዛ ፈቃድ በቃልና በሥራ መካከል መልሶ መዘርጋት ነው።

ስሙን አመክሮ ማለቴ በከንቱ አይደለም። በገዳማችን ሥርዓት መነኵሴ ለመሆን የመጣ ሰው በመጣበት ቀን ቆብ አይደፋም፤ ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ ለአረጋውያን እየታዘዘ በአመክሮ ይቆያል። በሚመነኵስበት ቀን እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ፍትሐት ይደገምለታልና፣ ወደማይመለሱበት በር ከመድረሱ በፊት የሚመለሱበት በር ተሠርቶለታል፤ ከአመክሮ ወጥቶ ወደ ዓለም የተመለሰ ሰው ስእለት አላፈረሰም። ቃሉም የወጣው አመከረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን፣ ትርጓሜው ሞከረ፣ ፈተነ ማለት ነው። ሙከራና መከራ ምክርም ጭምር ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው፤ አባቶቻችን ሰው የሚያደርገውን ሙከራ፣ የሚቀበለውን መከራ፣ የሚሰማውንም ምክር በአንድ ዘር ቃል መሰየማቸው፣ ሰው ወደ እውቀት የሚደርስባቸውን ሦስት መንገዶች ጎን ለጎን እንዳስቀመጡልን ያህል እቈጥረዋለሁ።

ነገር ግን ፈተና የሚለው ቃል ጥንቃቄ ይሻል፤ በአማርኛችን መፈተንና መፈታተን አንድ አይደሉምና። ወርቅ በእሳት ይፈተናል፤ ሰው ግን አምላኩን እንዳይፈታተን ታዟል። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ጾሞ በተፈተነ ጊዜ ጠላት ወደ ቤተ መቅደሱ ጫፍ አውጥቶ፣ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር አለው፤ የተመለሰለትም መልስ እምነት ማለት ይህ እንዳልሆነ አስታወቀ። ያልመረመረውን ትእዛዝ በእውነተኛው ፋይል ላይ የሚሰጥ ሰው «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ምንም አይሆንም» ሲል እምነት ያለው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ከጫፉ ላይ ዘሎ የሚቀበለውን መልአክ መጠበቁ ነው። ይህ መፈታተን ነው። ዳዊት ግን ጎልያድን ሊገጥም በወጣ ጊዜ የሳኦልን የናስ ቍርና ጥሩር ለብሶ ሊራመድ ሞከረ፤ ሳይለማመደው ወደ ሰልፍ ሊገባበት ስላልወደደ አውልቆ አኖረው። ስለዚህ ዳዊትን ፈሪ ነው የሚለው ማን ነው? ዳንኤልም በባቢሎን ቤተ መንግሥት የንጉሡን መብል አልቀበልም ባለ ጊዜ ዘበኛውን ወደ አደጋ አልጎተተውም፤ 10 ቀን ብቻ ጥራጥሬና ውሃ እየሰጠኸን ፈትነን፣ ከዚያ በኋላ ፊታችንን አይተህ ፍረድ አለው። በቀን የተወሰነ፣ ቢከፋ የሚመለሱበት፣ መለኪያውም አስቀድሞ የታወቀ ሙከራ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ያለው አላገኘሁም። መፈተን ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ሙከራ የሚደረግበትን ስፍራ ለማጠር በኮምፒዩተር ጥበብ ያሉ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም 370 የተባለውን ሥርዓት ባወጣ ጊዜ፣ በአንዱ ታላቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ይቆሙ ነበር፤ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ መሣሪያ ለብቻው እንደ ተሰጠው ሆኖ ይሠራል፣ የአንዱም ውድቀት ሌላውን አያናውጥም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሰባተኛው የዩኒክስ እትም ደግሞ ሲኤችሩት የሚባለውን ጥሪ አመጣ፤ ይኸውም አንዱን ማኅደር ለአንድ ፕሮግራም የዓለም ሁሉ ሥር አድርጎ ያሳየዋልና ፕሮግራሙ ከዚያ በላይ ሌላ ስፍራ እንዳለ አያውቅም። ሙሉ ሥልጣን የያዘ ፕሮግራም ግን ይህን አጥር ዘሎ መውጣት ስለ ቻለ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሥርዓት ጄይል ማለትም ወኅኒ ብሎ የሰየመውን የጠነከረ አጥር ሠራ። ዛሬ አንድ ተማሪ በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ምናባዊ መሣሪያ አቁሞ፣ ሁኔታውን እንደ ፎቶግራፍ አስቀርቶ፣ የወደደውን ሁሉ ካበላሸ በኋላ ወደዚያች ወደ ተቀረጸችው ሰዓት ሊመልሰው ይችላል፤ ነቢያት ስለ ንስሓ የተናገሩትን ያህል ባይሆንም፣ የተበላሸ ነገር ወደ ፊተኛ ንጽሕናው ሲመለስ ማየት ልብን ያሳርፋል።

የተዘጋ መምሰልና መዘጋት ግን የተለያዩ ናቸው። ምናባዊው መሣሪያ ከእውነተኛው ጋር የሚጋራው ማኅደር ካለ፣ በውስጥ የተሰረዘው ፋይል በውጭም ይሰረዛል፣ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለሱም ያን ፋይል አያስነሣውም። በመለማመጃው ማኅደር ውስጥም ወደ ሌላ ስፍራ የሚመራ አገናኝ ቢቀር፣ በአገናኙ በኩል የተጻፈው ሁሉ በሩቅ ያለውን እውነተኛ ፋይል ይለውጣል። ስለዚህ አስተዋይ ሰው በሙሉ ሥልጣን ሳይሆን በተራ ተጠቃሚ ስም ይገባል፣ በሮቹን ይቈጥራል፣ የማያስፈልገውን መረብ ይቈርጣል። ጸረ ቫይረስ ፕሮግራም መሥራቱን ማወቅ የፈለገ ሰው እንኳ እውነተኛ ቫይረስ ወደ ቤቱ ማስገባት እንዳያስፈልገው፣ ኢካር የሚባል 68 ፊደላትና ምልክቶች ያሉት ጕዳት የሌለው ጽሑፍ ተዘጋጅቷል፤ የጸረ ቫይረስ ሠሪዎች ፕሮግራሞቻቸው ክፉ እንደ ሆነ አድርገው እንዲይዙት የተስማሙበት ነው። ዘበኛን ለመፈተን ሌባ መቅጠር አያስፈልግም ማለት ነው።

አጥር ሳይኖር የተደረገ ሙከራ ምን እንደሚያመጣ ከሮበርት ሞሪስ ታሪክ እንማራለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ይህ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ራሱን እየቀዳ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድ ፕሮግራም በኢንተርኔት ላይ ለቀቀ። ፕሮግራሙ በደረሰበት መሣሪያ ሌላ ቅጂ አስቀድሞ መኖሩን ይጠይቅ ነበር፤ የሐሰት መልስ እንዳያግደው ግን ከ7 ጊዜ አንዱን፣ አለ ቢባልም እንዲገባ ተደርጎ ነበር። ያች ቍጥር እጅግ ብዙ ሆና ተገኘች፤ ቅጂ በቅጂ ላይ ተከምሮ በጊዜው በተነገረው ግምት 6,000 ያህል ኮምፒዩተሮች ታነቁ። የሒሳብ ሊቅ የነበሩት ማይክል ራቢን ይህን በሰሙ ጊዜ አስቀድሞ በማስመሰያ ላይ ሊሞክረው ይገባ እንደ ነበር ተናግረዋል። የፍርድ ቤቱም ቅጣት ከገንዘብና ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር የ3 ዓመት የአመክሮ ጊዜ ነበር፤ በፊት ያልገባበትን አመክሮ በኋላ ገባበት። ሙከራን የዘለለ መከራን እንደሚያገኝ፣ መከራውም የብቻው ሆኖ እንደማይቀር ይህ በቂ ምስክር ነው።

ሌላው ታሪክ ስለ ስፍራ ነው። እግዚአብሔር ከበደል በኋላ ለአዳም ያቀረበለት የመጀመሪያው ጥያቄ ምን አደረግህ የሚል ሳይሆን የት እንዳለ የሚጠይቅ እንደ ነበረ፣ አንባቢ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው ድርጅት አንድ ባለሙያ ሌሊት ደክሞት ሲሠራ፣ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት በዋናው ሰርቨር ላይ የመሰረዣ ትእዛዝ ሰጠ፤ ስሕተቱን አውቆ እስኪያቆመው ድረስ ከ300 ጊጋባይት ያህል መረጃ የቀረው 4.5 ያህሉ ብቻ ነበር። ትእዛዙ ትክክል ነበረ፤ ስፍራው ነው የተሳሳተው። ድርጅቱ ብዙ ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበረው፤ በዚያች ሰዓት ግን እንደ ታሰበው ሆኖ የተገኘ አልነበረም፤ ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት ያው ባለሙያ በእጁ ያስቀረው ቅጂ ነው። ድርጅቱ የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽግ ለሕዝብ መጻፉ የሚያስመሰግነው ነው፤ የእርሱ መከራ ለእኔ ምክር ሆኖ የደረሰው በዚያ ኑዛዜ ምክንያት ነውና። በዩኒክስ የት እንዳለሁ የሚነግረኝን ፒደብሊውዲ የተባለውን ትንሽ ትእዛዝ በጻፍሁ ቍጥር፣ ያ የገነት ጥያቄ ለእኔም እንደ ቀረበ እቈጥረዋለሁ፤ የት እንዳለ ያላወቀ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ ስፍራ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ስሕተት በማይጐዳበት ስፍራ የሚለማመድ ሰው ፍርሃትን አይረሳምን? ጥያቄው እውነት አለበት። አርስጣጣሊስ ሠሪ በመሥራት ሠሪ እንደሚሆን፣ በጎ ልማድም በበጎ ሥራ፣ ክፉውም በክፉ ሥራ እንደሚገነባ አስተምሯል፤ ስለዚህ በመለማመጃው ውስጥ በዝርክርክነት የሠራ ሰው የተለማመደው ዝርክርክነትን ነው። መልሱን ከቅኔ ቤታችን አገኛለሁ። የቅኔ ተማሪ ከሰው ተለይቶ ቅኔውን ይቈጥራል፤ መጀመሪያም ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ የጐደለውን፣ ምሥጢሩ የተፋለሰውን ያርማል። ስሕተቱ በቤተ ክርስቲያን ያልተሰማ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ጨዋታ ነው ብሎ አይቈጥርም፣ እንቅልፉን አጥቶበታልና። በበዓል ቀን በቅኔ ማሕሌት ቆሞ የሚያሰማው ቅኔ አንድ ጊዜ ከተባለ በኋላ አይደገምም፤ ያ የማይደገም ቃል የቆመው በብዙ በታረሙ ቃላት ላይ ነው። እንግዲህ የመለማመጃ ስፍራ የሚያነሣልን የስሕተትን ጕዳት እንጂ የስሕተትን ሐፍረት አይደለም፤ ትጋት በእውነተኛው ስፍራ ያለውን ያህል በዚያም መኖር አለበት።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። ከሕይወታችን ታላላቅ ሥራዎች ብዙዎቹ ቅጂ የላቸውም። ልጅን ሁለት ጊዜ አናሳድግም፤ ሟች አባት ሲናገር ያላደመጥነውን ቃል ወደ ኋላ ተመልሰን አንሰማም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ሰው ለእነዚህ የሚሆን ባዶ ማኅደር ከየት ያመጣል? የሙከራና የመከራ ሦስተኛ ወንድም፣ ምክር፣ የሚገባው በዚህ ነው። ምክር ማለት ሌላ ሰው በመከራ የገዛው፣ ለእኛ ግን በቃል ብቻ የሚደርሰን ሙከራ ነው፤ ባለቤቱ ዋጋውን ከፍሎበታል፣ እኛ በነጻ እንቀበለዋለን። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች መምህሩን ብቻ አልገሠጹም፤ ወደማይመለሱበት ነገር ከመግባት በፊት የሌላውን ድካም መጠየቅ ግዴታ መሆኑን ነግረውናል። መሞከር በሚቻልበት ስፍራ አለመሞከር ትዕቢት ነው፤ መሞከር በማይቻልበት ስፍራ ደግሞ አለመጠየቅ ትዕቢት ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ፣ ገና የ14 ዓመት ልጅ፣ ይህን ጥበብ አስተምራት ዘንድ ወደ ቤቴ መጣች። አመክሮ ወደሚለው ማኅደር አስገብቼ፣ ምንም የሌለባቸው 20 ፋይሎች ፈጥራ ግማሾቹን እንድትሰርዝ አዘዝኋት። እንደ እኔው ክፍት ቦታ አስገብታ ኖሮ ሁሉም ጠፉ። ፊቷ ገርጥቶ «ጋሼ፣ ኧረ ሁሉም ሄዱ!» አለች፤ እኔም ያች ባዶ ቦታ የት እንደ ገባች በጣቴ አሳየኋት፣ የአባቴንም፣ የእርሷን አያት፣ ነገር አጫወትኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ፋይሎቹን መልሳ ፈጠረች፣ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜም አደረገችው። በመጨረሻ አያቷ ስለ ቆሎ ተማሪነቱ የነገረኝ ከጥፋት የተረፈው ጽሑፍ ወዳለበት ወደ እውነተኛው ማኅደር ወሰድኋትና አንድ የማያስፈልግ ፋይል እንድታነሣ ሰጠኋት። ትእዛዙን ጽፋ ጨረሰች፤ ጣቷ ወደ ማስገቢያው ቁልፍ ወረደች፤ ነገር ግን ሳትነካው ቆመች። የጻፈችውን አጥፍታ የት እንዳለች መሣሪያውን ጠየቀችው፣ ቀጥላም ስሞቹን አስዘርዝራ አንድ በአንድ በከንፈሯ አነበበች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ በጣቷና በቁልፉ መካከል የቀረችውን ያችን ጥቂት ርቀት ስመለከት፣ ለእኔ ያን ምሽት ሳይደርስልኝ የቀረው ሁለተኛው ፈረሰኛ ለእርሷ በጊዜው ሲደርስ ያየሁ መሰለኝ።